ጣና ውስጥ ማን ከማን ጋር ይኖራል? ለአንድ የባዮሎጂ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዝርያዎች መካከል ስላለው ግንኙነት በማስተምርበት ጊዜ የማገኛቸው ምሳሌዎች ሁሉ ከባሕር የመጡ ናቸው። ኮራል፣ ሻርክ፣ አኒሞን የተባለችው አበባ መሰል የባሕር እንስሳና በተናዳፊ እጆቿ መካከል የምትጠለለው ባለ ነጭ መስመር ዓሣ። በቅርቡ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ‹ጣና ውስጥስ? ትልቁ ትንሹን ከመብላት ሌላ ምን አለ?› አለኝ። የማውቀውን ያህል መለስሁ፤ እሱም እኔም አልረካንም። ምሳሌዎቹን ከራሳችን ሐይቅ ማውጣት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ በመጀመሪያ ተማሪዎን ከእኔ ያመስግኑልኝ። ብዙ ሰው በሐይቁ ዳር ተወልዶ አድጎ ሳይጠይቀው የሚያልፈውን ነው የጠየቀው።

መልሴ «አዎ፣ ይችላሉ» ነው። ጣና ውስጥ በዝርያዎች መካከል ያለው ግንኙነት የሐይቁ ታሪክ ዋና ክፍል ነው። አብዛኞቹን የጣና ዓሦች ዛሬ የያዙትን መልክና ጠባይ ያስያዛቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው፦ ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደሚበላቸው፣ የት እንቁላል እንደሚጥሉ፣ ከማን ጋር እንደሚሻሙ። ስለዚህም ግንኙነቱ ሲበጠስ ዓሣው አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በታች የምጽፍልዎት ሁሉ ይህንን ለማሳየት ነው።

የባሕሩን ምሳሌዎች ግን አይጣሏቸው፤ መንገድ ይጠርጉልዎታል። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በቀይ ባሕር፣ ግሩፐር የሚባለው ዓሣ ሞሬይ ከሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ጋር አብሮ እንደሚያድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በዝርዝር አሳትመዋል። ግሩፐር በገላጣ ውኃ ላይ ብርቱ አሳዳጅ ነው፤ የሚያሳድደው ዓሣ ኮራል ስንጥቅ ውስጥ ከገባበት ግን ምንም ማድረግ አይችልም። ሞሬይ ደግሞ በስንጥቅ ውስጥ መሹለክ ያውቅበታል። ግሩፐሩ ሞሬዩ ካረፈበት ጉድጓድ ፊት ሄዶ ራሱን ቶሎ ቶሎ ያወዛውዛል፤ ሞሬዩ ይወጣል፤ ተያይዘው ይሄዳሉ። ከአንዱ የሸሸው ሌላው አፍ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ዝርያዎች ዘመዳሞች አይደሉም፤ ግን ይግባባሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ «ትልቁ ትንሹን ይበላል» የሚለውን አባባል ገልብጦ ያሳያል። አሜሪካዊው ሮበርት ፔይን በዋሽንግተን ግዛት የባሕር ዳርቻ ከሚገኝ ዐለት ላይ ኮከብ ዓሦችን እየለቀመ አስወገደ። ኮከብ ዓሣ አዳኝ ነው፤ አዳኙ ሲነሣ ሌሎቹ የሚበዙ ይመስላል። የሆነው ተቃራኒው ነው። ኮከብ ዓሣው ይበላው የነበረው ሙስል የተባለ ቅርፊታም እንስሳ ዐለቱን ጠቅልሎ ያዘው፤ ከ15ቱ ዝርያዎች 8 ብቻ ቀሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ታተመ። በላተኛው ለሌሎች ቦታ ያስለቅቅ ነበር ማለት ነው። ተማሪዎ «ከመብላት ሌላ ምን አለ?» ሲል፣ መብላት ራሱ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ሥራ መሆኑን በዚህ ያሳዩት።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የዓባይን መንገድ ዘግቶ የፈጠረው ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ደግሞ ጭስ ዓባይ አለ። ቱሪስቱ ፏፏቴውን ለውበቱ ያየዋል፤ እኛ ዓሣ የምናጠና ሰዎች የምናየው እንደ ግድግዳ ነው። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረውን ውኃ ወደ ላይ መውጣት የሚችል ዓሣ የለም። በታችኛው ናይል የሚኖሩት ጥርሳም አዳኞች፣ የናይል ፐርችና ታይገርፊሽ፣ ከዚያ ግድግዳ በታች ቀሩ።

በጣና ላይ ለተፈጠረው ሁሉ መነሻው ይህ ነው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው፣ ከ16,000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ የምናየው የፍጥረታት ስብስብ በሐይቁ ውስጥ የተደራጀው ከዚያ ወዲህ ነው። ውኃው ሲመለስ ሰፊ ሐይቅ፣ ብዙ ምግብ፣ ብዙ ትናንሽ ዓሣ አለ፤ ዓሣ አሳድዶ የሚበላ ባለ ጥርስ አዳኝ ግን የለም። የአዳኙ ቦታ ባዶ ነበር።

ቦታውን የያዙት ማንም ይይዙታል ብሎ የማይጠብቃቸው ናቸው። የባሕር ዳር ዓሣ ነጋዴ ነጭ ዓሣ ብሎ በአንድ ስም የሚጠራቸው፣ በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት። እነዚህ የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሮአቸው ውስጥ ነው። እውነተኛ ጨጓራም የላቸውም። በሌላው ዓለም አብዛኞቹ ዘመዶቻቸው ነፍሳት፣ ዕፅዋትና ጭቃ ውስጥ ያለ ቅንጥብጣቢ የሚለቃቅሙ ናቸው። ጣና ውስጥ ግን 15 ገደማ ከሚሆኑት የላቢዮባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ሆነዋል። ጥርስ ሳይኖራቸው፣ ጨጓራ ሳይኖራቸው! እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር አሁንም ይደንቀኛል።

የቀሩትም ምግቡን ተካፍለውታል። ጎርጎረንሲስ የተባለው በጠንካራ የጉሮሮ ጥርሱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል። ሱርኪስ ዕፅዋት ይበላል። ኔድጂያ ወፍራም ከንፈር አለው፤ በድንጋይ መካከል የተሸሸጉ የነፍሳት እጭን በዚያ ይመጥጣል። ብሬቪሴፋለስ ትንሽ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት ይለቅማል። ኢንተርሚዲየስ ደግሞ ያገኘውን የሚበላ ነው። ዓሣ በሎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይለያያሉ። አንዳንዱ ሰውነቱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ በገላጣው ውኃ ያሳድዳል። አንዳንዱ ሰፊ አፍ አለው፤ አንዳንዱ ዳር ዳር፣ አንዳንዱ ጥልቁ ላይ ይውላል። የዓሣ ጭንቅላቶችን ጎን ለጎን ደርድሮ አፋቸውን ማየት ብቻ የምግቡን ክፍፍል ያሳያል።

ተማሪዎ እዚህ ላይ «ይህ እኮ መሻማት እንጂ ግንኙነት አይደለም» ሊል ይችላል። ሽሚያም ግንኙነት ነው፤ ምናልባት ከሁሉ የሚያስተምረውም እሱ ነው። ሁለት ዝርያዎች ለአንድ ምግብ በአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት ከተሻሙ አንዱ መሸነፉ አይቀርም፤ ትንሽ የተለየ አፍ ወይም ትንሽ የተለየ ጥልቀት የያዘው ይተርፋል። በብዙ ትውልድ ውስጥ ይህ ልዩነት ይሰፋል። አኒሞንና የምትጠለልባት ዓሣ የመረዳዳት ምሳሌ ናቸው፤ የጣና ነጭ ዓሦች ደግሞ መራራቅ ራሱ አብሮ የመኖሪያ መንገድ መሆኑን ያሳያሉ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የትልልቅ የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች ስብስብ ይኖርበት የነበረ ሌላ ሐይቅ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ነበር፤ የእሱ ዓሦች ጠፍተዋል። የቀረው የእኛው ነው።

ጥርስ አልባ አዳኝ ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት። የያዘውን ቆራርጦ መብላት አይችልም፤ ሙሉውን መዋጥ አለበት። ትልቅ ዓሣ ከያዘ ያመልጠዋል። ስለዚህ የስምንቱም አዳኞች ኑሮ በጣት በሚያህል ዓሣ ላይ የቆመ ነው።

ያ ዓሣ ማን ነው? ሁለት ናቸው በዋናነት፦ ዳር ዳር የሚውለው ባርበስ ሁሚሊስና መካከለኛውን ገላጣ ውኃ የያዘው ባርበስ ታናፔላጂየስ። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ ነው፤ ለዘመናት ከዐይናችን ፊት ሲዋኝ ኖሮ። ሁለቱም ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። ምግባቸው ዞፕላንክተን ነው፤ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በዐይን በጭንቅ የሚታዩ እንደ ዳፍኒያና ኮፔፖድ ያሉ እንስሳት። እነዚያ ደግሞ አልጌ የሚባሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ የውኃ ፍጥረታት ይበላሉ። የፀሐይ ብርሃን አልጌ ይሆናል፣ አልጌው ዞፕላንክተን፣ ዞፕላንክተኑ ትንሽ ዓሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰንሰለቱ ይበተንና ወደ ብዙ አፎች ይሄዳል። ነጭ ዓሣ፣ አምባዛ፣ ፔሊካን፣ ጠላቂዎቹ ጥቁር ወፎች፣ ከሽቦ ላይ ተወርውራ ውኃ የምትሰነጥቀው ባለ ጥቁርና ነጭ ላባዋ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ሁሉም እዚህ ትንሽ ዓሣ ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ትንሽ ዓሣ በሰፊው አጥምዶና አድርቆ ለምግብ ማዋል ይቻላል የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ዓሣው ቶሎ ይራባል፣ ሕዝባችንም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚወጣው መጠን ሲወሰን በላተኛው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ታስቦ ይወሰን። ከሥሩ የሚነሣው ዓሣ የስምንት ዝርያዎች እራት ነው።

አሁን ለክፍልዎ ከሁሉ የሚስማማውን ታሪክ ልንገርዎት። በእነዚሁ ትናንሽ ዓሦች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል ጠፍጣፋ ጥገኛ ትል ይገኛል። ይህ ትል ዕድሜውን ለመጨረስ ሦስት ፍጥረታትን ማለፍ አለበት። ዓሣ በል ወፍ በኩሷ እንቁላሉን ውኃ ላይ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣውን እጭ ኮፔፖድ ይበላዋል። ኮፔፖዱን ትንሹ ዓሣ ይበላዋል። ትሉ አሁን የዓሣውን አንጀት በስቶ ወደ ሆድ ዕቃው ይገባና እዚያ ያድጋል፤ ነጭ ጥብጣብ መስሎ፣ አንዳንድ ጊዜ ከዓሣው ራሱ እየረዘመ፣ ሆዱን ነፍቶ እስኪወጥረው ድረስ። ዓሣው አይሞትም። ይበላል፣ ይዋኛል። ግን አይወልድም፤ ትሉ የመራቢያ አካሉን እድገት ያግደዋል። ለእንቁላል ይሆን የነበረው ጉልበት ሁሉ ትል ይሆናል።

ይህ ብቻ ቢሆን ተራ ጥገኝነት ነበር። የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ትሉ ያረጀበት ዓሣ ከጓደኞቹ ይለያል፤ እየከበደው ወደ ውኃው ገጽና ወደ ዳር ይወጣል፣ ቀርፋፋ ይሆናል። ወፏ ከላይ ታየዋለች። ትውጠዋለች። ትሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ጎልምሶ እንቁላል የሚጥለው በሞቃቱ የወፍ አንጀት ውስጥ ብቻ ነውና። እዚያም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል፤ እንቁላሉ በኩሷ ውኃ ላይ ይወድቃል፤ ዙሩ እንደ ገና ይጀመራል። እንግዲህ ተማሪዎን ይጠይቁት፦ ወፏን የመገባት ማን ነው? ዓሣውን ያጠመደችው እሷ ናት ወይስ ትሉ አመቻችቶ አቀረበላት? በዚህ ታሪክ ውስጥ በላተኛና ተበይ፣ ጥገኛና አስጠጊ፣ ተባባሪና ጠላት የሚሉት ቃላት ሁሉ ይደባለቃሉ። የሻርክና ገላውን የምታጸዳለት ትንሽ ዓሣ ምሳሌ ይህን ያህል አያሟግትም።

ከምግብ ሌላ ደግሞ ቦታ አለ፤ በተለይ የመውለጃ ቦታ። በዚህ ላይ ጣና ውስጥ ያለው ስምምነት ለእኔ ከሁሉ የተዋበ ነው። ለገበያ የሚወጡት ሦስቱ ዋና ዓሦች ሦስት የተለያዩ መውለጃዎች አሏቸው። ቀረሶ ዳር ዳር፣ በጥልቀት የለሹ ውኃና በሣር መካከል ይራባል፤ ወንዱ ወለሉን ጠርጎ ጎድጓዳ ያዘጋጃል፣ ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። አምባዛ የክረምቱ ጎርፍ ሲንጣለል ወደ ተጥለቀለቀው ሜዳ ይወጣል። ከነጭ ዓሦቹ ሰባት ያህሉ ደግሞ በሐይቁ አይወልዱም፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር፣ ወራጅና ንጹሕ ውኃ፣ ብዙ ኦክስጅን ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም። አንዱ ዝርያ ሲወጣ ሌላው ይጠብቃል፤ አንዱ ይህን ገባር ሲመርጥ ሌላው ያንን ይመርጣል። ወቅቱን ተከፋፍለውታል። አንዱ የሌላውን እንቁላል እንዳያዳቅል፣ ዝርያዎቹም ተደባልቀው አንድ እንዳይሆኑ የሚጠብቀው አንዱ ነገር ይህ ተራ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ የሚያናጋው ችግርም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዓሣው ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት፣ ወንዙ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ተሰብስቦ ጎርፉን ይጠብቃል። ዓሣ አጥማጁም ያውቃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ ወደ ጣና ከገባ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በታንኳ ይደረስበት ያልነበረው የወንዝ አፍ ሁሉ ተደረሰበት። ወንዙ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን መርዞ ማጥመድ አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ክትትል የነጭ ዓሦቹ ብዛት በአሥር ዓመት ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ቀረሶና አምባዛ በዚያው መረብ እየተያዙ እንደዚያ አልወደቁም። ልዩነቱ የመረቡ አይደለም። ነጭ ዓሣ ዘግይቶ የሚጎለምስ፣ ለመውለድም በአንድ ጠባብ በር የሚያልፍ ዓሣ ነው፤ በሩ ላይ ተይዞ ያልወለደ ዓሣ የነገውን ዓሣ ይዞ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ወጣቱን ዓሣ አጥማጅ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ዓሣው ባለበት ያጠምዳል። ሊደረግ የሚገባው በመራቢያ ወራት የወንዝ አፎችን መዝጋትና ለእነዚያ ወራት ሌላ የገቢ መንገድ ማመቻቸት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። በገባሮቹ ላይ ግድብና የመስኖ ጠለፋ ሲሠራም፣ የወንዙ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ሲወጣም፣ ከእርሻ የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ሲያለብሰውም ችግሩ አንድ ነው። ደለል የሸፈነው እንቁላል አየር አጥቶ ይሞታል።

ወደ ዳር ልመለስ። ደንገል ከዕፅዋት ሁሉ የሐይቁ ባለውለታ ነው። ከመሬት የሚመጣውን ደለል ሥሩ ያጠምዳል፤ በሥሩ መካከል ጫጩት ዓሦች ከአዳኝ ይሸሸጋሉ፤ ወፎች ላዩ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከእሱ ነው። ደንገሉ ተመንጥሮ በእርሻ ሲተካ የሚጠፋው አንድ ተክል ብቻ አይደለም፤ የጫጩቶቹም መጠለያ አብሮ ይጠፋል። ጉማሬም የራሱ ድርሻ አለው። ሌሊት ከውኃ ወጥቶ 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይበላል፤ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ፋንድያውን እዚያው ይጥላል። የየብስን ሣር ወደ ውኃ የሚያጓጉዝ እንስሳ ነው፤ ያ ፋንድያ የአልጌና የነፍሳት ምግብ ይሆናል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ያየ ተማሪ ካለ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ገበሬው ከጉማሬ ጋር ያለው ጠብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰብሉ በአንድ ሌሊት የተበላበትን ሰው ስለ ፋንድያ ጥቅም ብቻ መንገር ተገቢ አይመስለኝም።

እምቦጭን ሳላነሣ ብተው ተማሪዎችዎ ይጠይቁዎታል። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። እዚያ ጎጂ አረም ሆኖ አልኖረም፤ ቅጠሉን የሚበሉ፣ ግንዱን የሚቦረቡሩ ነፍሳት አሉት። ወደ እኛ የመጣው እነሱን ጥሎ ነው። ጠላት የሌለው፣ ምግብ የሞላለት ተክል፤ አመቺ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አበባው ያማረ ነው፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው ነገሩ። ከሥሩ ብርሃን ይጠፋል፣ አልጌው ይሞታል፣ ሲበሰብስም ኦክስጅን ይበላል። አምባዛ ከአየር መተንፈስ የሚያስችለው ተጨማሪ አካል ስላለው ሊቋቋመው ይችላል፤ የሌሎቹ ዕድል ያነሰ ነው።

ስለዚህ እምቦጭን ለተማሪዎችዎ «መጥፎ ተክል» ብለው ብቻ አያስተምሩት። ግንኙነቱን ያጣ ዝርያ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሕያው ምሳሌ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገሩ የመጡ ሁለት የነቀዝ ዝርያዎች ተለቀውበት፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተዳምረው አሳንሰውታል፤ ማለትም የጠፋው ግንኙነት ተመለሰ። በእኛ ሐይቅ ላይ ይህን ለማድረግ ረጅም ጥንቃቄ የተሞላበት ሙከራ ያስፈልጋል፣ ምግቡን ጨርሶ ወደ ሌላ ተክል የማይዞር መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ያው ቪክቶሪያ ሐይቅ ያስተምረናል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዓሣ ምርት ተብሎ የናይል ፐርች ገባበት፤ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች ጠፉ። ያው ፐርች ጭስ ዓባይ ከታች ያስቀረልን ዓሣ ነው። «ትልልቅ ዓሣ ብናስገባስ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምመልስለት ይህንኑ ነው፤ የጣና አዳኞች ጥርስ ባለው አዳኝ ፊት የሚቆሙ አይደሉም።

በመጨረሻ ስለ ትምህርቱ። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ሄደው ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ይለምኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚጣል ስለሆነ አይከለክሉዎትም፣ ፔሊካኖቹ ካልቀደሙዎት። ቀረሶ፣ አምባዛና የተለያየ አፍ ያላቸው ሁለት ሦስት ነጭ ዓሦች ይበቃሉ። ተማሪዎቹ የአንጀቱን ርዝመት ከሰውነቱ ርዝመት ጋር ያነጻጽሩ። አልጌ የሚበላው ቀረሶ አንጀቱ ከሰውነቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ዓሣ በሉ ግን አጭር ነው። የመተንፈሻ ክዳኑን ገልጠው በጉሮሮው ውስጥ ያለውን ጥርስ ይፈልጉ። ሆዱን ቀደው ውስጡ ያለውን በነጭ ሳህን ላይ በውኃ ይበትኑት፤ የነፍሳት እግር፣ የቀንድ አውጣ ስባሪ ወይም የትንሽ ዓሣ አጥንት ያገኛሉ። የሚያገኙትን እያያያዙ ሰሌዳ ላይ ቀስት ይሳሉ። ሰሌዳው ቶሎ ይሞላል። ትናንሾቹን ዓሦች ካገኙ ሆዳቸው ያበጠውን ለይተው ይክፈቱ፤ ነጩ ጥብጣብ ከወጣ ያን ቀን ሌላ ትምህርት አያስፈልግዎትም። ጓንት ይጠቀሙ፣ እጅ በሳሙና ይታጠቡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ናሙና ለመሰብሰብ ተማሪዎችን በባዶ እግር ወደ ሐይቁ ዳር አያስገቡ። በዳሩ ዕፅዋት መካከል የሚኖር ባዮምፋላሪያ የተባለ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያመጣውን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፍ ነው። የትሉ እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ውኃ ይገባል፣ በቀንድ አውጣው ውስጥ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከሊጉላ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ያስተምሩት፤ በዚህኛው የወፏን ቦታ የያዝነው እኛ ነን። የሚታከም በሽታ ነው፤ ውኃው ውስጥ የገባና በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የታየበት ተማሪ ካለ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።